ከኢንዱስትሪ ዲዛይን መምህራን ጋር በሙዚየም ስለተደረገው ውይይት

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

በሙዚየሙ የወንበሮች ዐውደ ርእይ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ዲዛይን መምህራን ጋር የተወያየንበትን ጉዳይ፣ በዕለቱ መገኘት ላልቻላችሁ አባላት ለማሳወቅ እንወዳለን።

ውይይቱ በአብዛኛው ያተኮረው የቤት ዕቃ ሠሪው ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ለገበያ ባቀረበው ቁጥር 14 ወንበር ላይ ነበር። ወንበሩ በእንፋሎት ለስልሶ ከታጠፈ እንጨት የተሠሩ 6 ክፍሎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በብሎን የሚገጣጠም በመሆኑ 36 ወንበሮች ተፈታተው በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይጫኑ ነበር። መምህራኑ ተማሪዎቻቸውን ወደ ሙዚየም የሚያመጡት፣ የኋላ እግሮቹና መደገፊያው ከአንድ ወጥ እንጨት መታጠፋቸውን የመሰለውን፣ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ በቀላሉ የማይስተዋል ሥራ ቀርበው እንዲያዩ መሆኑን አስረድተዋል። ይሁንና ለእይታ የቀረበ ወንበር ላይ መቀመጥም ሆነ እሱን መፍታት አይፈቀድም፤ ይህም በእኛ እምነት ለዲዛይን ተማሪ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በዚህ ምክንያት መምህራኑ፣ ተማሪዎች እየፈቱ መልሰው የሚገጣጥሟቸውን አሮጌ የቤት ዕቃዎች አባሎቻችን እንዲያውሷቸው ጠይቀዋል። ፈቃደኛ የሆናችሁ አባላት የዕቃውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ቁስና አሁን ያለበትን ሁኔታ ከቀጣዩ ስብሰባ በፊት ለማኅበሩ ጸሐፊ በጽሑፍ እንድታሳውቁ በአክብሮት እንጠይቃለን። ለብርቅዬና ውድ ዕቃዎች ግን ይህን አንመክርም።