ጆሮው ደህና ነው ተብሎ የተመለሰው ልጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ተማሪዎች ውጤት መውደቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህሩ ደመወዝ፣ የወላጅ ክትትል፣ ሁሉም ተነስቷል። የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝና የተዘለለ አንድ ነገር ልጨምር። የመምህሩ ድምፅ ጆሮው ድረስ እየደረሰ፣ የተባለው ነገር ግን የሚጠፋበት ልጅ አለ።

ችግሩ ኦዲተሪ ፕሮሰሲንግ ዲስኦርደር ይባላል። ጆሮ ድምፁን ይቀበላል፣ አእምሮ ግን የተቀበለውን ቶሎ መለየት ይቸግረዋል። እናት ልጇን ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ትወስዳለች፣ ልጁ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የተላከለትን ድምፅ ሁሉ ይሰማል፣ «ምንም የለበትም» ተብላ ትመለሳለች። የሚብሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮው ደህና ከሆነማ ሰነፍ ነው፣ እልኸኛ ነው፣ ሆን ብሎ ነው ይባላል። አንዳንዱም ይገረፋል፣ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

እስቲ ክፍላችንን አስቡት። ከ60 በላይ ልጅ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተሰበረ መስኮት፣ ከጎን ያለው ክፍል በኅብረት ሲያነብ። ሌላው ልጅ ጫጫታውን ችላ ብሎ የእኔን ድምፅ ይከተላል። ችግሩ ያለበትን ልጅ የሚያቅተው ይሄ ነው።

ቃል ጽሕፈት ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «አጎቴ ትናንት መጣ» እላለሁ፣ ደብተሩ ላይ «አጎቴ ትናንት መታ» ተጽፎ አገኛለሁ። «ቀዳ» ስል «ከዳ» ይሆናል። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ የሚለዩበት ድምፅ በቅጽበት ነው የሚያልፈው፣ ካመለጠ አለቀ። ያንኑ ሰሌዳ ላይ ስጽፍለት ግን አንብቦ ይሠራዋል። «ደብተር አውጡ፣ ገጽ 24 ግለጡ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ሥሩ» ሲባል ደግሞ ደብተሩን ያወጣና ጓደኛውን ያያል። ኩረጃ እየመሰለን እንቆጣዋለን።

ቃል ጽሕፈት የሳተ ሁሉ ይሄ ችግር አለበት እያልኩ አይደለም። ትኩረት ማጣትና የንባብ ችግር በጣም ይመሳሰሉታል፣ አብረውም ይገኛሉ። ቤቱ ሌላ ቋንቋ እየተናገረ ያደገ ልጅም በማያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ ችግር አለበት መባል የለበትም። መደበኛው የመስማት ምርመራም ይቅደም፣ ጆሮው እየመገለ ዝም የተባለ ልጅ አለና። ይህን ችግር የሚለየው ኦዲዮሎጂስት፣ ማለትም የመስማት ችግርን የሚመረምር ባለሙያ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ 7 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

እርዳታው ግን የምርመራ ወረቀት አይጠብቅም። ልጁን ከበርና ከመስኮት አርቆ ፊት ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ወደ ሰሌዳ ዞረን እየጻፍን አናውራ። ትእዛዙን አንድ በአንድ እንስጥ፣ የቤት ሥራውንም እንጻፍለት። «ገባህ?» ሲባል «አዎ» የማይል ልጅ የለም፣ ስለዚህ «ምን አልኩ?» ብለን እናስደግመው። መጮህ ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያጠራውም፣ ልጁንም ያስበረግገዋል። አቅም ባለበት አገር መምህሩ ትንሽ ማይክሮፎን ያደርግና ድምፁ በቀጥታ ልጁ ጆሮ ላይ ወዳለው መሣሪያ ይሄዳል። ያ ለጊዜው ይቆየን።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች በልዩ ፍላጎት ኮርሳቸው ላይ ይሄንን አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡት እጠይቃለሁ። ከአንገት በላይ ሐኪሞችንም እለምናለሁ፣ «ምንም የለበትም» ከማለታችሁ በፊት እናትየዋን «ጫጫታ ባለበትስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁልን።

የ3ኛ ክፍል መምህርት፣ ከአዲስ አበባ