ሐረጎ ላይ ለምን እንደወረድን

ውድ ልጄ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ እንደ ልማዷ የጦሳን ጉም ተከናንባ ትውላለች፤ አንቺ ኮምቦልቻ ወርደሽ ብርዱን ረስተሽው ይሆናል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አቃተኝ፤ ስለዚህ ጻፍሁት።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ ዕቃ ልናመጣ ወደ ኮምቦልቻ ስንሄድ፣ ሐረጎ ጠመዝማዛው መሐል «ወራጅ አለ» ብዬ በሌላ መኪና ወደ ደሴ የተመለስነውን ታስታውሻለሽ? ደረሰኝ ረስቼ ነው ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። የተመለስሁት የሱቁን ጓጉንቸር መቆለፌን ተጠራጥሬ ነው። ስንደርስ ተቆልፏል። ጎተትሁት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ብረቱ መዳፌ ላይ ቀይ መስመር እስኪያወጣ ድረስ። አንቺ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ታይኝ ነበር። እንደገና ተሳፍረን ሐረጎን ሳንጨርስ «ስትጎትተው ተከፍቶ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ገበያተኛው ጥንቁቅ ነጋዴ ይለኝ ነበር፤ እኔም ስሙን ወድጄው ኖርሁ።

ባለፈው ዒድ ስትመጪ ለመግሪብ ዉዱእ ገብተሽ የኢሻ አዛን ሲሰማ አልወጣሽም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የሃያ ሊትሩ ጀሪካን አለቀ። እናትሽ የተቆጣችው ስለ ጀሪካኑ ነው፤ እኔ ያየሁት እጅሽን ነበር። የጣቶችሽ መገጣጠሚያ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ማታ «አባዬ፣ ቀሚሴን ነጃሳ አልነካውም አይደል?» አልሽኝ። አልነካውም አልሁሽ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ አራት ጊዜ መለስሁልሽ። ንጉሥ ሚካኤል አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ባሉበት ከተማ ተወልደሽ ብዬ ልቀልድ ነበር፤ አልወጣልኝም።

እኛ ወስዋስ የምንለውን ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል። ወደ ሐኪም የላኩኝ ሼሁ ናቸው፤ «ሦስት ጊዜ መታጠብ ሱና ነው፣ ከዚያ ያለፈው ጥርጣሬ ነው፣ ጥርጣሬው ካልለቀቀህ ደግሞ ታከም» አሉኝ። የሄድሁት ግን ከተጀመረኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ መጀመሪያ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ቢያባርሩት የማይሄድ ሐሳብ አለ፤ ቀጥሎ ሐሳቡን ጸጥ ለማሰኘት የሚደረግ ድርጊት ይመጣል። ድርጊቱ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል፤ ያ ዕረፍት ራሱ በሽታውን ይቀልበዋል። ማጠብና መቆለፍ ብቻም አይደለም። የሚቆጥር አለ፣ ዕቃ ካልተስተካከለ የማይቀመጥ አለ፣ አንድ መስመር ደጋግሞ የሚያነብ፣ ማንም ሳያየው በልቡ ቃል የሚደጋግም አለ። የሚወደውን ሰው እንዳይጎዳ ፈርቶ ቢላዋ ካለበት ክፍል የሚሸሽም አለ፤ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ሐሳቡ ስለሚያስደነግጠው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካለብሽ ለእኔ ባትነግሪኝም ለሐኪሙ አትደብቂው።

ንጽሕና ወዳድነት ሌላ ነው። እናትሽ ሲኒዋን አጥባ ስትደረድር ፊቷን አይተሽ የለ? ትረካለች። የእኛ ዓይነቱ አይረካም። ድርጊቱ ከንቱ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያውቀዋል፤ ግን መተው አይችልም። ሐኪሙም መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሰዓት ነው፤ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድብሃል? ሥራህን ያስተጓጉልሃል? ቤቴ ገብቼ ብቆጥረው ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ብዙውን ጊዜ በልጅነት ወይም በወጣትነት ይጀምራል። በቤተሰብም ይተላለፋል። ይህችን የመጨረሻዋን ለመጻፍ ነው እጄ የዘገየው።

መድኃኒት አለው፤ ለድብርት ከሚሰጡት ወገን ነው። በሳምንት ለውጥ አትጠብቂ፤ እኔን ሦስተኛው ወር ላይ ነው የቀለለኝ። ከመድኃኒቱ ጋር ልምምድም አለ፤ ጓጉንቸሩን አንድ ጊዜ ጎትቶ ከነጥርጣሬው መሄድ። የመጀመሪያው ቀን ማዕዘኑ ጋ ስደርስ ልቤ ደረቴን ይደልቀው ነበር። አልተመለስሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በራሱ ወረደ።

ስለዚህ «ንጹሕ ነኝ ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ከእንግዲህ አልመልስልሽም። ጨከነ አትበይኝ፤ አራት ጊዜ መመለሴ አንቺን አልጠቀመሽም። ሰኞ ሐኪሜ ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ አብረሽኝ ግቢ።

ቅዳሜ ልወስድሽ እመጣለሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ካለፍሁብሽ ሐረጎ ላይ ወርጄ ይሆናል፤ ደውይና ሳቂብኝ።

አባትሽ