አይታሰብም ያላችሁትን እኛ አስበነዋል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ፖድካስትና ከፍተኛ ትምህርት ያወጣችሁትን «አገር አቀፍ ዳሰሳ» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ፣ ሁለተኛ ራሴን ፍለጋ፣ ሦስተኛ ደግሞ ንዴቴ ቢበርድልኝ ብዬ። አልበረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎጃም ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘጋቢያችሁ ደውሎልኝ ነበር። ቢሮዬ ውስጥ ኔትወርክ ስለማይረጋ ወጣሁና ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ፣ እየተቆረጠ እየተቀጠለ ሃምሳ ደቂቃ ያህል አወጋን። ከዚያ ሁሉ ወሬ ጋዜጣው ላይ የደረሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በክልል የሚገኙ መምህራን በበኩላቸው የኢንተርኔት ችግር እንዳለባቸው ገልጸዋል።» ባሕር ዛፉ እንኳ ከዚህ የበለጠ ሰምቷል። ዘጋቢው ግን በዚህ አላበቃም፤ «ያለ ኢንተርኔት ፖድካስት አይታሰብም» የምትል ከራሱ ጨመረባት።

ስለ ስቱዲዮዎቹ፣ ስለ ቆዳ ወንበሮቹና ከኋላ ስለሚበራው ሐምራዊ መብራት የጻፋችሁትን ልለፈው። ዳሰሳው አገር አቀፍ ተብሎ ጎሃ ጽዮን ላይ ቆሞ፣ ዓባይን ቁልቁል አይቶ መመለሱንም ለምጀዋለሁ። የያዘችኝ «አይታሰብም» የምትለዋ ቃል ናት።

ከስሙ ልነሳ። «ፖድካስት» የሚለውን ቃል በ2004 እ.ኤ.አ. ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የጻፈው ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። ግማሹን ከአይፖድ፣ ግማሹን ከብሮድካስት ወስዶ ገጣጠመው። አይፖድ ምን ነበር? ኪስ ውስጥ የሚገባ ሙዚቃ ማጫወቻ። ያኔ አይፖድን በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ዋይፋይ ያለው የወጣው በ2007 ነው። ሰውየው ቤቱ ካለው ኮምፒውተር ላይ ያወርዳል፣ በገመድ ወደ ማጫወቻው ይገለብጣል፣ ከዚያ አውቶቡስ ውስጥም ሆነ ሳር እያጨደ ይሰማል። አሜሪካ ያለው ዱክ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በ2004 ከ1,600 ለሚበልጡ አዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ያደለው ይህንኑ ዕቃ ነው። እንግዲህ ፖድካስት የተወለደው ኢንተርኔት በሌለው ዕቃ ላይ ነው። መስመር ባለበት አንድ ጊዜ ታወርዳለህ፣ መስመር በሌለበት ትሰማለህ፤ ጥበቡ ይኸው ነው። ዘጋቢያችሁ አይታሰብም ያለው ነገሩ ሲፈጠር የታሰበበትን ነው።

እርግጥ እኛ አገር ፖድካስት ማለት ሌላ ነገር ሆኗል። ሁለት ሰዎች ጡጫ የሚያህል ማይክ ከንፈራቸው ላይ ደቅነው ሁለት ሰዓት ተኩል ሲያወሩ ዩቲዩብ ላይ *የምናየው* ነገር። በዚያ ትርጉም ከሆነ ልስማማ፤ በመካከለኛ ጥራት እንኳ ብዙ መቶ ሜጋባይት የሚበላ ቪዲዮ ለእኔ ተማሪ በእውነትም አይታሰብም። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀዳ የሩብ ሰዓት ድምፅ ግን ሰባት ሜጋባይት ገደማ ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ከአምስት መቶ በላይ ይይዛል። ጥፋቱ የኔትወርኩ ሆኖ ሳለ ድምፁን መክሰስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አሁን ያልጻፋችሁትን፣ ባሕር ዛፍ ሥር የነገርኳችሁን ልድገመው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። መንገዱም ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተማሪዎቼ ከዳንግላ እስከ ደጀን በየወላጆቻቸው ቤት ተበትነው ከረሙ። ተመልሰን ስንገናኝ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በጥቂት ሳምንት አጣድፉ ተባልን። ያኔ ነው መቅዳት የጀመርኩት፤ ነገ ደግሞ ቢበተኑ በእጃቸው የሚቀር ነገር ይኑር ብዬ።

የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ክፍል ውስጥ የማስተምረውን ሃምሳ ደቂቃ እንዳለ ቀዳሁት። አንዷ ተማሪዬ መጥታ፣ «ቲቸር፣ በመሃል ድምፁ ይጠፋል፤ ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ሁለቴ አጥፍቼ ከፈትኩት» አለችኝ። ለካ ሰሌዳ ላይ የምጽፍበት ነው። ደግሞ «ይህቺን ቀስት እዩዋት» እላለሁ። የትኛዋን ቀስት? ሰሚው ምን አይቶ!

ከዚያ በኋላ በየሩብ ሰዓቱ ቆራርጬ፣ ለጆሮ ብቻ አዘጋጅቼ ቤቴ መቅዳት ጀመርኩ። ስቱዲዮዬ ጋቢ ነው። ቤቱ ዕቃ ስለሌለበት ድምፅ ይመልሳል፤ ጋቢውን ከነስልኩ ስከናነብ ግን ማሚቶው ጸጥ ይላል። የመጀመሪያው ሌሊት ባለቤቴ ጸሎት ላይ ያለሁ መስሏት በእግር ጣቷ እየሄደች ነበር። «የሃይድሮጅን አዮን» ስል ስትሰማ ነው የሳቀችው። ሳቋም ክፍል 2 ላይ አለ፤ አላወጣሁትም።

ማሠራጫ ጣቢያችንስ? ከመናኸሪያው አጠገብ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን ልጅ። ፋይሎቹን ሰጠሁት፤ የኔን ተማሪ ገንዘብ አላስከፈለም። ከዚያ ወዲያ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ያለው ልጅ እንኳ ካርዱን ሰክቶ ይሰማል። አንዴማ አንድ ተማሪዬ የጎረቤት ሠርግ ላይ ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኝቶ፣ እስክስታው ሲያልቅ «ኮምጣጣ አፈር፣ ክፍል 5» ብዬ እኔ ድንኳኑን ተቆጣጠርኩት። ሚዜዎቹ እስኪያጠፉት ሁለት ደቂቃ አስተምሬያለሁ ይላሉ።

ክፍል 5 የምኮራበት ነው። የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ እንደሚጨምር፣ ማለትም ፒኤች 5 የሆነ መሬት ከፒኤች 6 አሥር እጥፍ እንደሚኮመጥጥ እናገራለሁ። ከ5.5 ገደማ በታች ሲሆን ደግሞ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም እየሟሟ ይፈታና የሥሩን ጫፍ ይመርዘዋል፤ ሥሩ አጥሮ ይቀራል፣ ማዳበሪያው ቢበተንም የሚደርስበት ሥር የለም። ሰሌዳ ላይ ቀመሩን ስጽፍ ያልገባቸው ልጆች ይህን በጆሮ ሲሰሙት ገባቸው። አንዱ የእንጅባራ አካባቢ ልጅ አባቱ ገብስ ማሳ ዳር ተቀምጦ አብሮት ሰምቶ፣ «ይኸ ሰውዬ የኛን መሬት መቼ አየው?» አለ አሉ። ከዚያ ኮምጣጣነቱን የሚያበርደው ኖራ ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ አስጠየቀኝ። ሳይለካ አይነገርም ብዬ መለስኩ፤ ይህም ክፍል 6 ሆነ።

ሁሉንም ድምፅ ይችለዋል አልልም። የኖራ መጠን ስሌት በጆሮ አይገባም፤ አንድ ገጽ ወረቀት አባዝቼ ነው የሰጠሁት። ጆሮዋ የማይሰማ ተማሪም አለችኝ፤ ለእሷ እያንዳንዱን ክፍል በእጄ ጽፌያለሁ፣ እሱም ከቀረጻው ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃላቱን በሁለቱም ቋንቋ ካልደጋገምኩ ልጁ ነገሩን አውቆ ጥያቄውን ይስታል። ዘጋቢያችሁ ስለ እነዚህ ቢጽፍ ኖሮ ባመሰገንኩት፤ እውነተኛው ችግር እዚህ ጋ ነበርና። የሥራ ጫናዬ ላይ ይቆጠር እንደሆነ የበላዮቼን ስጠይቅ፣ «ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም» ተባልኩ። ለካ ከእናንተም በፊት ያላሰቡን ነበሩ።

(በነገራችን ላይ፣ «ተማሪያችን በጆሮ የመማር ልምድ የለውም» ያሉት የዘገባችሁ ባለሙያ የቅኔ ቤቶቹን ዲማንና ዋሸራን ሰምተው አያውቁም? ቅኔ በመጽሐፍ ነው እንዴ የሚዘረፈው? የጎጃሙን የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድስ ስንቱ ሰው ነው ገጹን ሳይገልጥ በሬዲዮ ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት የጨረሰው?)

እኔ ራሴ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በቴሌቪዥን ይመጣል። ሰውየው ጥያቄ ይሰጥና ሰከንድ ቆጥሮ ይሄዳል። ቆይ አይባል፣ ድገም አይባል። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት አለፈ፤ የእኛ መምህር ደግሞ ዳር ቆሞ እንደኛው ያያል። ውድ ዕቃ ነበር፤ ጋዜጦችም ፎቶ አነሱት። አሁን ተማሪዬ ክፍል 5ን ዘጠኝ ጊዜ መልሼ ሰማሁት ሲለኝ፣ የ9ኛ ክፍሉ እኔ ነው የሚቀናበት።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። «ያለ ኢንተርኔት ፖድካስት አይታሰብም» የሚለውን አርሙ፤ እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ገጽ አውጡት፣ ከሙት ዓመት ማስታወቂያ ሥር ሳይሆን። «በክልል የሚገኙ መምህራን» የተባልነው ደግሞ የምናስተምረው ትምህርት አለን፤ ቢያንስ እሱ ይጠቀስ።

ዘጋቢያችሁ እንዲሰማው ሚሞሪ ካርዱን በሰው እጅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ከክፍል 1 እስከ 19 አለበት፤ ክፍል 4 ላይ አውራ ዶሮ ይጮኻል፣ ይታገሱን። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ካርዱን በዚያው ሰው መልሱልኝ፤ የተማሪ ነው።

የአፈር ሳይንስ መምህር
ከጎጃም