ሕጉ ለሠራተኛ ማኅበር 10 ሰው ይበቃል ይላል፤ እኛ 43 ነን

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በአንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ኦፕሬተር ነኝ። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም፤ እንጀራዬ እዚያው ነው።

በእኛ የስፌት መስመር (ላይን) ሠላሳ ገደማ ሴቶች አለን። ሽንት ቤት ለመሄድ ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ ለሁላችንም አንድ ነው፤ ሱፐርቫይዘሯ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ትዞራለች። ስለዚህ ጠዋት ውኃ አንጠጣም። የወር አበባ ሲመጣ እንዴት እንደምንሆን እናንተው ገምቱት። ታርጌት ካልሞላን ደግሞ ሰርቪሱ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ እንሰፋለን። ያቺ ሰዓት ኦቨርታይም ተብላ ተመዝግባ አታውቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ያነበብነው አንዷ ጓደኛችን ስልኳ ላይ አውርዳው ነው። ለአራት በተከራየናት ክፍል፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን፣ ጮክ ብላ አነበበችልን። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ቢያንስ በአንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም 10 አባል ይበቃል። እዚህ ላይ ስትደርስ «እስቲ ድገሚው» አልናት።

ማኅበር ለማቋቋም የምንፈርምበትን ወረቀት ምሳ ዕቃ ውስጥ ደብቀን፣ ሰርቪስ ላይ እያስፈረምን በሁለት ሳምንት 43 ደረስን። በሦስተኛው ሳምንት ሲያስፈርሙ የነበሩት ሦስት ልጆች ኤች አር ተጠሩ። «ኮንትራታችሁ አልቋል» ተባሉ። እኔና እነሱ የተቀጠርነው በአንድ ቀን ነው፤ የእኔ ኮንትራት እስካሁን አላለቀም! የማኅበር አባልነት ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ላይ ተጽፏል። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ነው። ያኔ እናቴም አልተወለደችም።

ጉዳዩ የክልል ነው እንዳትሉን። ክልል ሄደን «እናየዋለን» ተብለን ተመልሰናል።

«ማኅበር ካለ ኢንቨስተር ይሸሻል» የሚሉንም አሉ። በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ለአሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመሸጥ ዕድል፣ ስንወጣ ፋብሪካ የዘጉትን እናስታውሳለን። ጦርነቱ ነበር፣ ከቀረጥ ነፃው የአሜሪካ ገበያ መዘጋቱ ነበር። ማኅበር ሰልችቶት የሄደ ግን አልሰማንም። ማኅበሩስ የት ነበረና?

ስለ ደመወዝ ብዙ አልልም። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም እዚያው አዋጅ ላይ አለ። ከተጻፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዘይቱም ኪራዩም የእኛን ቦርድ አልጠበቁም።

ሦስቱ ልጆች ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ማኅበራችን ይመዝገብ። ተቆጣጣሪ ላኩልን፤ ሱፐርቫይዘር በሌለበት ያናግሩን።

ብቻ ከመምጣታቸው በፊት ለፋብሪካው አትደውሉ። ባለፈው እንግዳ ይመጣል ሲባል በአንድ ሌሊት ካርዱ ሦስት ሆነ፣ ሽንት ቤቱም ሳሙና አገኘ። እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ሳሙናው ተነሣ።

ወረቀቱ አሁንም እኛ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፌት ኦፕሬተር