ሥዕል የተከለከለበት የሥነ ጥበብ ክበብ

ዘንድሮ የሥነ ጥበብ ክበብ ሥዕል ከለከለ። በመጀመሪያው ስብሰባ ይህን ስናገር ቦርሳቸውን ያነሡ ልጆች ነበሩ። ሕጉ አጭር ነው። ፖስተር እንሠራለን፤ ከፊደል በቀር ግን ምንም አይገባበትም። ርግብ የለም፣ አበባ የለም፣ የተጨባበጡ እጆች የሉም። ቀለሙም ጥቁርና ቀይ ብቻ ነው። ቀዩን ከብራና ነው የወሰድነው። ጸሐፍቱ ጽሑፉን በጥቁር እየጻፉ የቅዱሳንን ስምና የክፍል መጀመሪያውን በቀይ ያወጡት ነበር።

እንዲህ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በየዓመቱ የምንለጥፈው ፖስተር አንድ ዓይነት ነበር፤ መሃል ላይ ሥዕል፣ ከላይ መፈክር። ልጆቹ መጀመሪያ የመጣላቸውን ሐሳብ ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ትልቁ ወረቀት ወይም ወደ ኮምፒውተር ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ሰው የሚመጣው ነው።

ስለዚህ እስከ ጥር ትልቅ ወረቀት አልነካንም። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ ስምንት ሳጥን ይወጣዋል። በየሳጥኑ የዚያው ቃል የተለያየ ንድፍ ይገባል። ማስመሪያና ላጲስ አይፈቀድም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳጥኖች ወዲያው ይሞላሉ። አምስተኛው ላይ ጣሪያ ጣሪያ ማየትና የጎረቤት ወረቀት መስረቅ ይጀመራል። ጥሩ ጥሩው የሚወጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ለስፖርት ቀን “ዝላይ” የሚለውን ቃል የወሰደችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ፊደሎቹን በክንፍ፣ በደመና፣ በቀስት ሞክራቸው ነበር። ሰባተኛው ሳጥን ላይ ስትደርስ “ላ”ን ትኩር ብላ አየችው። ግራ እግሩ እኮ ድሮም ከመሬት ተነሥቷል! “ላ”ን ብቻ አግዝፋ ቀይ አደረገችው፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ለቤተ መጻሕፍቱ የተሠራው ደግሞ ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ታች ጥግ ላይ “ፀጥታ” የሚል ጽሑፍ አለ፣ ቀረብ ካላሉ የማይነበብ። ከዓመቱ ሥራዎች እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

የፖስተር መጻሕፍት በአብዛኛው ለላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። ድምፅ ከፍ ለማድረግ ትልልቁን ፊደል ተጠቀሙ ይላሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። የሚቀረን መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ነው። ፊደሎችን አጠጋጉ የሚለው ምክርም ለእኛ አይሆንም። የ“ቡ” ቅጥል ወገቡ ላይ፣ የ“ቢ” ደግሞ እግሩ ሥር ነው፤ ሁለቱም በቀኝ በኩል ወጣ ብለው የሚቀጥለውን ፊደል ይነካሉ። ለወላጆች ቀን የተሠራው “ቡና” ከኮሪደሩ ማዶ “ቢና” ተብሎ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ንድፍ ከመጽደቁ በፊት ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኖ የሚያነበው የ7ኛ ክፍል ልጅ ይፈለጋል።

ትልቁ ጭቅጭቅ የተነሣው በሣሩ ፖስተር ነው። አንድ ተማሪ “አትርገጡን” የሚለውን ቃል ሁለት ሁለት ፊደል አድርጎ በሦስት መስመር ደረደረው። አት፣ ርገ፣ ጡን። የአማርኛ መምህራችን ቃል እንዲህ አይሰበርም አሉ። እኔ የብራና ገጽ ፎቶ አሳየኋቸው፤ መስመሩ ሲያልቅ ቃሉ የትም ይከፈላል፣ ማለቁን የሚናገረው ሁለት ነጥቡ ነው። እሳቸው አልተስማሙም። አሁንም አልተስማሙም። ፖስተሩ ግን ተለጥፏል፤ ልጆቹም ሣሩን መርገጣቸውን አልተዉም።

በሁለተኛው መንፈቅ የሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሥራዎች በፎቶ አየን። ሸራው ሙሉ ፊደል ነው። ልጆቹ ወዲያው “ምን ይላል?” ብለው ጠየቁ። ሥዕል ነው፣ ምንም ማለት የለበትም አልኳቸው። ፖስተር ግን ማለት አለበት፤ ያውም አላፊ አግዳሚው ሳይቆም።

ኮምፒውተር የነካነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የኮምፒውተር ፊደል ከስስ እስከ ወፍራም ብዙ ውፍረት ስላለው ጠቅሞናል። ግማሾቹ ግን የእጅ ጽሑፋቸው ይሻላል ብለው ተመለሱ፤ ልክ ነበሩ። ኅትመት ውድ ስለሆነ ንድፉን ፎቶ ኮፒ ቤት አስተልቀን አራት ኤ4 እያገናኘን ኤ2 አደረግነው። ቀዩን በማርከር ቀባን። መጋጠሚያው ይታያል፣ ግድ የለም።

የሚቀጥለው ዓመት ርእስ ቁጥር ነው፤ ከ፩ እስከ ፲ ያሉት የግእዝ አኃዞች። መመዝገብ የሚፈልግ በመስከረም ወደ ሥዕል ክፍል ይምጣ። አንድ ወገኑ ንጹሕ የሆነ አሮጌ ወረቀት ያላችሁ አትጣሉብን፤ ቀይ ማርከር ደግሞ አልቆብናል።