ቁስል ነው ያልኩዎት ቃል

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሶስና ሁለተኛ ክፍል ገባች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው የራሷን ስም እንኳን መጥራት አቅቷት «ቶትና» ትላለች። ትንሹም መሮጥ ጀምሮ ቤቱን አምሶታል። የሜሪላንድ ሙቀት አይጣል ነው። የደሴ ብርድ ናፈቀኝ ብል ያምኑኛል?

ይኸው፣ ወሬ አበዛሁ።

እሁድ ለት በስልክ «ዶክተሩ ወረቀቱ ላይ ኔክሮሲስ ብሎ ጽፏል አሉኝ፤ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ቁስል ማለት ነው» አልኩዎት። ዋሽቼዎታለሁ። ነርስ ነኝ፣ ቃሉን ከስራ የማልጽፍበት ሳምንት የለም። በስልክ ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው በደብዳቤ ያደረግኩት። ወንድሜ ዛሬ ማታ ያነብልዎታል።

ቃሉ የግሪክ ነው። «ኔክሮስ» ሬሳ ማለት ነው። ኔክሮሲስ ደግሞ ሰውየው በህይወት እያለ አካሉ ላይ የሞተ ስጋ ነው። ደም ሲቋረጥበት፣ ሲቃጠል፣ ኢንፌክሽን ሲበላው ይሞታል። የልብ ደም ስር ድንገት ሲዘጋ የሚሞተው ጡንቻም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ቃሉ ራሱ የሞት ፍርድ አይደለም። እኛም ቁስል ስናይ እንመዘግባለን፦ ይህን ያህሉ ቀይ፣ ይህን ያህሉ ቢጫ፣ ይህን ያህሉ ጥቁር። ቀዩ ይድናል። ጥቁሩ ግን ተመልሶ አይነሳም።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ትንሿ ጣትዎ ጫፏ እንደ ደረቀ ቴምር ጠቁሮ ተጨማዷል። ሥሯ ግን እርጥብ ነው። ዙሪያው አብጦ ያብረቀርቃል፣ ቅላቱም ወደ እግርዎ ጀርባ መውጣት ጀምሯል። ወንድሜን «ይሸታል?» አልኩት። ዝም አለ።

ሁሉም ጥቁር አንድ አይደለም። እንዲህ ሞቶ የጠቆረውን የሰውነት ክፍል ጋንግሪን እንለዋለን። ደረቁ ጋንግሪን ጊዜ ይሰጣል። ተረከዝ ላይ የያዘ ደረቅ ጥቁር ቅርፊት ከሆነ እኛም ሳንነካው የምንተውበት ጊዜ አለ። እርጥቡ ግን ኢንፌክሽን የገባበት ነው፣ ቀን አይሰጥም። መርፌውም ኪኒኑም የሚሄደው በደም ነው። የሞተ ስጋ ደም የለውም። መድኃኒቱ ደጃፉ ደርሶ ይመለሳል።

«አያመኝም እኮ» ይላሉ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ስኳሩ ነርቭዎን አደንዝዞታል። ያቺ ኮንጎ ጫማ ስትልጥዎት ያልተሰማዎት ለዚህ ነው። በፈላ ውሃና በጨው ሲዘፈዝፉትም ሙቀቱን እግርዎ አይነግርዎትም። ይተዉት። ፀበሉን ይጠጡ፣ ማን ከልክሎዎት። ኢንሱሊኑን ግን ለፀበል ብለው እንዳያቋርጡ።

ይህን ላላነሳው ነበር። ያኔ ለእማዬ ስደውል «ተኝታለች» አሉኝ። ከተቀበረች ዘጠኝ ቀኗ ነበር። እኔ ደግሞ «አይቀስቅሷት፣ ትረፍ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ቆመዋል። እኔ ሞኟ ግቡ፣ ቡና ላፍላ እያልኩ ነበር። መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ። ብቻዋን ናት ብለው አዝነውልኝ እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ያ «አይቀስቅሷት» ያልኩት ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው። ሰባት ዓመት በዚህ ተቀይሜዎት ኖሬ፣ እሁድ ለት እኔው ራሴ «ቁስል ማለት ነው» አልኩ።

አባባ፣ ጣትዎ ሞታለች። መቆረጥ አለባት።

ዶክተሩ ይፈርሙ ያለው ለአንዲት ጣት ነው። እርስዎ «ላስብበት» ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። ከሰነበተ ወረቀቱ ጣት ሳይሆን እግር የሚል ይሆናል። በጣቷ ያበቃል ብዬ አልምልልዎትም፣ ከንግዲህ ላልዋሽዎት ብያለሁ። ወደ እግርዎ ደም በደንብ ይደርስ እንደሆነ አይተው እንደሁ ወንድሜ ይጠይቃቸው፣ እሱ ነው ቁስሉ መዳን አለመዳኑን የሚወስነው። ዛሬ ሌሊት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ደግሞ ንጋቱን አይጠብቁ።

ብሩን ልኬያለሁ። ባለፈው ለመነጽር የላክሁት ለእድሩ ድንኳን መዋሉን ሰምቻለሁ፣ አልተቀየምኩም። ይሄኛው ግን ለእግርዎ ነው። ለእድሩ ሌላ እልካለሁ።

ነገ ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ይሁኑ። እዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ይሆናል። ስልኬን ይዤ ነው የማድረው። ከመግባትዎ በፊት ይደውሉልኝ፣ ፈርተው ከሆነም ፈራሁ ይበሉኝ። «ደህና ነኝ» ካሉኝ አላምንዎትም።

ያቺን ኮንጎ ጫማ ግን ነገን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይጣሉልኝ።

ልጅዎ