ስለ ምሥራቅ ጀርመን የተማሪነት ዘመናችንም ይጻፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሰሞኑን ልጄ በኮምፒውተሯ ከፍታ ያሳየችኝ «ጉድ ባይ ሌኒን» የተሰኘው የጀርመን ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ይህ የቮልፍጋንግ ቤከር ሥራ፣ የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ራሷን ስታ የነበረች አንዲት የምሥራቅ በርሊን እናት ስትነቃ፣ ድንጋጤ እንዳይገድላት የፈራው ልጇ የቀድሞው ሥርዓት ዛሬም እንዳለ ለማስመሰል የሚያየውን አበሳ ይተርካል። ልጁ ከገበያ የጠፋውን፣ ሽፕሬቫልድ ከተባለው የምሥራቅ ጀርመን አካባቢ ይመጣ የነበረውን ኪያር ባዶ ብልቃጥ ከቆሻሻ መጣያ ፈልጎ የውጭ አገር ኪያር ሲሞላበት ልጄ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔ ግን ያንን ብልቃጥ ከነወረቀቱ ስለማውቀው ሳቁ አልመጣልኝም።

በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለትምህርት ላይፕዚግ ከገቡት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበርሁ። መጀመሪያ የገባነው በሉሙምባ ስም በተሰየመው ጎዳና ወደሚገኘው ሄርደር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ከቬትናም፣ ከሞዛምቢክና ከሌሎችም አገሮች የመጣነው ሁላችን ጀርመንኛ ተምረን ወደየዩኒቨርሲቲያችን የምንሸኘው ከዚያ ነበር። እርስ በርስ የምንግባባውም በዚያው በተሰባበረ ጀርመንኛችን ነበር፤ ዛሬም ከአንድ ሞዛምቢካዊ ወዳጄ ጋር የምጻጻፈው በእርሱው ነው፣ ስሕተቱም አልተሻሻለም።

በማደሪያው አብሮኝ ይኖር የነበረው ጀርመናዊ ተማሪ የገና በዓል ሲደርስ ብቻህን አትውልም ብሎ በኤርትስ ተራሮች ወደሚገኘው የእናቱ ቤት ወሰደኝ። በዚያ አገር በገና ሰሞን በየመስኮቱ ቅስት የሆነ የእንጨት መቅረዝ ይበራል፤ መንደሩ ከሩቅ ሲታይ በረዶው ውስጥ የነደደ ይመስላል። እኔም ከቤት የተላከልኝን ጥሬ ቡና በሴትዮዋ መጥበሻ ቆላሁላቸው። ጢሱ ቤቱን ሲሞላው መስኮቱን በርግደው ከፈቱ፤ ጎረቤትም ምን ተቃጠለ ብሎ መጣና ቡና አጣጭ ሆኖ ቀረ። አቦሉን ቀምሰው ዝም አሉ፤ ቶናውን ከጠጡ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ቡና ሲጠፋ መንግሥት ግማሽ ያህሉን ሌላ ነገር ቀላቅሎ ያቀረበላቸውን «ቡና» እያነሡ ያማርሩ ጀመር። መንግሥታቸው ያን ችግር ለመወጣት የጦር መሣሪያና የጭነት መኪና እየሰጠ የእኛን ቡና ይወስድ እንደነበር በዚያች ማዕድ ቤት ማናችንም አናውቅም ነበር።

ነገሩ ሁሉ ማርና ወተት ነበር ማለቴ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው «ጤዛ» ፊልም የተማረው ሐበሻ በምሥራቅ ጀርመን በዘረኞች እጅ የደረሰበትን ያየ ሰው እኔን የዋህ ሊለኝ ይችላል። እኔም በምሽት የማልሄድባቸው መንገዶች ነበሩ። ማን ከማን ጋር እንደሚውል የሚከታተል መንግሥት ባለበት አገር ጥቁር ተማሪን ለገና ቤቱ የጠራ ሰው ግን፣ በየግድግዳው ከተሰቀለው የሕዝቦች ወዳጅነት መፈክር የበለጠ ነገር አድርጓል ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን ስለዚያ ዘመን ግንኙነት ሲነሣ የሚወራው ስለ መሣሪያው፣ ስለ ካድሬ ትምህርቱና ምሥራቅ ጀርመን ስላበረከተችው የአዲስ አበባው የካርል ማርክስ ሐውልት ነው። በሶቪየት ኅብረት፣ በቡልጋሪያና በቼኮዝሎቫኪያ የተማሩት፣ ሕፃን ሳሉ ሄደው በኩባዋ የወጣቶች ደሴት ያደጉትም በየቤታቸው ደብዳቤና ፎቶግራፍ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ጥቂቶች መጽሐፍ ቢጽፉም የብዙዎቹ ታሪክ ግን ለቅሶ ቤት ከሚወራው አላለፈም። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ለእነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ ዓምድ እንዲከፍትላቸው፣ የፖለቲካ ክርክሩም ለሌሎቹ ገጾች እንዲተው በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፈቃዳችሁ ከሆነ የኤርትስ ተራሮቹን ፎቶግራፎች እኔው ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ የላይፕዚግ ተማሪ፣ አዲስ አበባ